የፍሪሲዮን ዘይት ለምን ይጎድላል?



አዲስ አበባን ከከበቧት ከተሞች መካከል ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም አውራ ጎዳና ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም ለአሽከርካሪው ዛሬም ሦስት ልዩ ልዩ መንገዶች ናቸው። ሱሉልታ ለመድረስ ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ዳገት መውጣት ግድ ነው። የቡራዩ መንገደኛ በአስኮ በኩል፣ የሰበታው ደግሞ በዓለም ገና በኩል ከጭነት መኪናና ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋ፣ ጥቂት ሜትር እየሄደና እየቆመ ይጓዛል። በዳገቱም ሆነ በመጨናነቁ ምክንያት ፍሪሲዮን የሚረግጠው ግራ እግር በእነዚህ መንገዶች ላይ ዕረፍት አያገኝም።

በዚሁ መስመር ከሚመላለሱት አሮጌ መኪኖች በአንዳንዶቹ ውስጥ፣ ከመቀመጫ ሥር ወይም ከኋላ ዕቃ መጫኛው፣ ግማሽ የደረሰ የፍሬን ዘይት ጠርሙስ አይጠፋም። አሽከርካሪው በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ኮፈኑን ከፍቶ የጎደለውን ይሞላል፤ መንገዱንም ይቀጥላል። ቢጠየቅ መኪናዋ ትንሽ ታፈሳለች እንጂ ደኅና ናት ይላል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ አስተያየት ትክክል አለመሆኑን ማስረዳት፣ ቀጥሎም ዘይቱ የሚፈስስበት ቦታ እንዴት እንደሚገኝና ጉዳቱ እንዴት በሚገባ እንደሚጠገን በቅደም ተከተል ማቅረብ ነው።

ርእሱ በመሐንዲሶች ዘንድ ያነሰ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጊዜው ክብደት ሰጥቶታል። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ከፍ ያለ ታክስ ተጣለባቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከለከለ። በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች የፍሪሲዮን ፔዳል የላቸውም። ስለሆነም ፍሪሲዮን ያላቸው ነባር መኪኖች ዕድሜያቸው የሚወሰነው በሚደረግላቸው ጥገና ነው። በአንዲት አሮጌ መኪና ልጆቹን የሚያስተምር ሰው እርሷን ሸጦ አዲስ የመግዛት ዐቅም በአብዛኛው የለውም። ለእርሱ በትክክል የተሠራ ጥገና የእንጀራ ጉዳይ ነው።

የዘይቱ ሥራ

ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝና የሚያለያይ ክፍል መሆኑ የታወቀ ነው። መኪኖች የሚለያዩት የእግር ግፊት ከፔዳሉ እስከ ፍሪሲዮኑ በሚደርስበት መንገድ ነው። በተለምዶ «ቮልስ» የምትባለው አሮጌዋ ቮልስዋገን ከፔዳሉ እስከ ካምቢዮው የተዘረጋ የብረት ካቦ አላት። ካቦው ሲላላ ይወጠራል፤ ሲበጠስም ይለወጣል። የሚፈስስ ነገር የለውም።

ላዳ ግን የምትሠራው በዘይት ነው። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ1966 ሶቪየት ኅብረት ከጣልያኑ ፊያት ኩባንያ ጋር ባደረገችው ስምምነት መሠረት በቮልጋ ወንዝ ዳር፣ በቶሊያቲ ከተማ በተቋቋመው ፋብሪካ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ተሠርታለች። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለአሥርት ዓመታት በታክሲነት ከማገልገሏ የተነሣ «ላዳ» የሚለው ስም ራሱ የኮንትራት ታክሲ መጠሪያ ለመሆን በቅቷል። አሠራሯ ግልጽ፣ ክፍሎቿም በቀላሉ የሚደረስባቸው ስለሆኑ ለዚህ ማብራሪያ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። የአያሌ ፒክ አፖች፣ ሚኒባሶችና ቀላል የጭነት መኪኖች ፍሪሲዮንም የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው።

ፔዳሉ ሲረገጥ በሞተር ክፍሉ የኋላ ግድግዳ ላይ የታሰረው የላይኛው ፓምፕ ዘይቱን ይገፋል። ዘይቱ መጀመሪያ በብረት ቱቦ፣ ቀጥሎም በጎማ ቱቦ አልፎ ከካምቢዮው ጎን ወደ ታሰረው የታችኛው ፓምፕ ይደርሳል። የታችኛው ፓምፕ ፒስተን ሹካውን፣ ሹካው ኩሽኔታውን ይገፋል፤ ኩሽኔታውም ዲስኩን ከቮላኖው ጋር ያጣበቀውን ኃይለኛ ሞላ ተጭኖ ዲስኩን ነጻ ያወጣዋል።

ለስሌት ያህል የፒስተኑ ዲያሜትር 19 ሚሊ ሜትር የሆነ ፓምፕ ይወሰድ። የፒስተኑ ፊት ስፋት 2.8 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እግር ፔዳሉን በ10 ኪሎ ግራም ኃይል ቢጫንና ፔዳሉ በማንሻነቱ ኃይሉን አምስት እጥፍ ቢያደርገው፣ በዘይቱ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ከ17 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። የትንሽ መኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በፓምፑ ውስጥ ይህንን ሁሉ ግፊት አግዶ የሚይዘው «ጎሚኒ» የሚባለው የጎማ ቀለበት ቀጭን ከንፈር ብቻ ነው።

ይኸው ፒስተን 25 ሚሊ ሜትር ቢጓዝ የሚገፋው ዘይት 7 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም የአንድ ቡና ሲኒ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በመሥመሩ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚሆን አየር ቢገባ፣ ዘይት ሲጨመቅ መጠኑን እንደማይለውጥ ሁሉ አየር ሲጨመቅ ይኮማተራልና፣ የፒስተኑ ጉዞ 3.5 ሚሊ ሜትር የሚሆነው አየሩን በማኮማተር ብቻ ይባክናል። ዲስኩ በሙሉ ሳይላቀቅ ይቀራል። ማርሽ ሲገባ መንጫጫት የሚጀምረው ከዚህ የተነሣ ነው። አሽከርካሪው የካምቢዮው ጥርስ ያለቀ ይመስለዋል፤ ጥርሱ ያላለቀ ቢሆን እንኳ በዚህ ሁኔታ ሲሠራበት ከሰነበተ ማለቁ አይቀርም።

የአካባቢው ከፍታም በዚህ ላይ ይጨምርበታል። ከሱሉልታ በፊት መንገዱ የእንጦጦን ጫፍ ሲያልፍ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ጉልበት ባነሰው ሞተር ዳገት ላይ የሚነሣ አሽከርካሪ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ መቆየት ይገደዳል። ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ አልላቀቅ ያለው ሰው ከፊቱ ተሰላፊ፣ ከኋላው የጭነት መኪና እያለ ሞተሩ ይጠፋበታል። የሚቆጠቡት ጥቂት ብሮች በዚያች ቅጽበት የሚያስከትሉትን አደጋ ማሰብ አዳጋች አይደለም።

ጎደለ ማለት ፈሰሰ ማለት ነው

የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ያለ ምንም መፍሰስ ቀስ በቀስ ሊጎድል ይችላል። የፍሬን ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፒስተኖቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ የለቀቁትንም ቦታ ዘይት ይሞላዋል። የፍሪሲዮን ዘይት ግን እንዲህ ያለ ምክንያት የለውም። ራሱን በራሱ ልክ በሚያስይዝ ፍሪሲዮን ዲስኩ ሲሳሳ የታችኛው ፓምፕ ፒስተን ወደ ውስጥ ስለሚገፋ የማጠራቀሚያው ዘይት ጥቂት ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። እንደ ላዳ በእጅ ልክ በሚያዝበት ፍሪሲዮን ደግሞ ከፍታው ባለበት ይቆያል። ስለዚህ የፍሪሲዮን ዘይት ከጎደለ ፈሷል። ከዚህ የተለየ ማብራሪያ መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው።

መፍሰሱ ትንሽ ነው የሚባለውም በቁጥር ሲታይ ሌላ መልክ አለው። ሃያ ጠብታ 1 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል። ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር አንድ ጠብታ ብቻ ቢያመልጥና በቀን አራት መቶ ጊዜ ቢረገጥ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ኩብ ዘይት ይፈስሳል። የላዳ ፍሪሲዮን ጠቅላላ ዘይት 200 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ማጠራቀሚያው እስኪራቆትና አየር ወደ መሥመሩ እስኪገባ የሚቀረው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው። ይህም ጎሚኒው ከዛሬው የባሰ እንደማይጎዳ ተቆጥሮ ነው፤ የተጎዳ ጎሚኒ ደግሞ ባለበት አይቆምም።

ለፍሬኑና ለፍሪሲዮኑ አንድ ማጠራቀሚያ የተሠራላቸው መኪኖች ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻሉ። በእነዚህ መኪኖች ዘንድ የፍሪሲዮኑ ቱቦ ብዙውን ጊዜ ከማጠራቀሚያው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይነሣል፤ ዘይቱ ሲጎድል አስቀድሞ ፍሪሲዮኑ እንዲያቆም፣ የቀረው ዘይትም ለፍሬኑ እንዲተርፍ የታሰበ ነው። ይህ ግን ለመዘናጋት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ጉድለቱ በፍሬን ሸራ ማለቅ ነው ተብሎ የሚታለፈው በዚህ ዐይነት መኪና ላይ ነውና። የጎደለው በየትኛው በኩል እንደሆነ ሳይለይ የሚሞላ ሰው የፍሬኑንም መፍሰስ አብሮ ሊሸፍን ይችላል።

የሚፈስስበትን ቦታ ስለ ማግኘት

ጥገና የሚጀምረው በማጠብ ነው። በጭቃና በአቧራ የተለበጠ ሞተር ላይ የፈሰሰ ዘይት ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ከላይኛው ፓምፕ እስከ ታችኛው ያለው መሥመር በሙሉ ታጥቦ ይድረቅ፤ ንጹሕ ካርቶንም ከሥር ይነጠፍ። አንድ ረዳት ፔዳሉን ሃያና ሠላሳ ጊዜ ሲረግጥ መካኒኩ በእጅ መብራት መሥመሩን ይከተል።

ካርቶኑ ላይ የተንጠባጠበው የፍሪሲዮን ዘይት መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት፤ የሞተር ዘይትና የካምቢዮ ዘይትም በዚያው አካባቢ ይፈስሳሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ነው። የፍሬን ዘይት ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል፤ የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ግን ከላይ ይንሳፈፋል። ምንም መሣሪያ በሌለበት የመንገድ ዳር ጋራዥ እንኳ ሊደረግ የሚችል ፈተና ነው።

ከዚያ በኋላ የሚፈተሹት ቦታዎች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው የላይኛው ፓምፕ የኋላ ጫፍ ነው። እዚህ ያለው ጎሚኒ ሲያረጅ ዘይቱ የሚወርደው በመኪናው ውስጥ፣ በፔዳሉ ዘንግ ላይ ነው። በእግር ማሳረፊያው ምንጣፍ ሥር እርጥበት ወይም የተላጠ ቀለም ከታየ መልሱ ተገኝቷል፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና። ሁለተኛው የታችኛው ፓምፕ ነው። የአቧራ መከላከያ ጎማው ጫፍ ቀስ ተብሎ ይገለጥ፤ ውስጡ ደረቅ መሆን ሲገባው ዘይት ካቆረ ጎሚኒው ማገዱን አቁሟል። ሦስተኛው የቱቦው መጋጠሚያዎች ናቸው። አራተኛው የጎማ ቱቦው ነው፤ ሲታጠፍ የሚሰነጣጠቅ፣ ፔዳሉ ሲረገጥም የሚነፋ ቱቦ ባይፈስስም መለወጥ አለበት።

የቅርብ ጊዜ ሥሪት በሆኑ አንዳንድ መኪኖች የታችኛው ፓምፕ ከኩሽኔታው ጋር አንድ ሆኖ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ካለው መሸፈኛ ውስጥ ይገኛል። በውጭ በኩል ያለው መሥመር ሁሉ ደረቅ ሆኖ ሳለ የፍሬን ዘይት ከመሸፈኛው ሥር ከተንጠባጠበ ካምቢዮውን ማውረድ ግድ ይሆናል። ይህ ሥራ ውድ ስለሆነ ከላይ ያሉት ፈተናዎች ሳይፈጸሙ ሊጀመር አይገባም።

ዘይት ሳይጎድልና ከውጭም ምንም ሳይታይ ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ፣ በላይኛው ፓምፕ ውስጥ ያለው የፊት ጎሚኒ ዘይቱን ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው። ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ስለሚመለስ ምልክቱ ፔዳሉ ላይ ብቻ ይታያል።

መንስኤው

ጎሚኒ በዕድሜ ብዛት ይደርቃል። በእኛ ሀገር ሁኔታ ግን ከዕድሜ በላይ ሦስት ነገሮች ያሳጥሩታል። የመጀመሪያው ውሃ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ ክዳኑ ያልገጠመ ማጠራቀሚያና ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ በክረምት ወራት እርጥበት ይጠጣሉ። ውሃው የፓምፑን የውስጥ ግድግዳ ያዝጋል፤ የዛገው ግድግዳ ጎሚኒውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። የዘይቱም የመፍያ ሙቀት ይወርዳል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚጠበቀው 140 ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው።

ሁለተኛው አቧራ ነው። የአቧራ መከላከያው ጎማ ከተቀደደ የጥርጊያ መንገድ አቧራ ከዘይት ጋር ተቦክቶ ፒስተኑን ይበላዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው የተሳሳተ ዘይት መጨመር ነው። መንገድ ላይ የቀረ ሰው የፍሬን ዘይት አጥቶ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ቢጨምር መኪናው ለጊዜው ይሄድለታል። ይሁን እንጂ ጎሚኒዎቹ የተሠሩበት ጎማ ከማዕድን ዘይት ጋር አይስማማም፤ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርጹንም ያጣል። እንዲህ ያለ ዘይት አንድ ጊዜ ከገባ መሥመሩን አፍስሶ ማጠብ አይበቃም፤ ከጎሚኒ እስከ ጎማ ቱቦ ዘይቱ የነካው ጎማ ሁሉ መለወጥ አለበት። ማጠራቀሚያው ለፍሬኑም የጋራ ከሆነ የፍሬኑ ጎሚኒዎች በሙሉ አብረው ይለወጣሉ። በሲሊከን የተሠራው ዶት 5ም ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር መቀላቀል የለበትም።

ጥገናው

መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ወይም በጣውላ ይታገዱ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ክልክል መሆን አለበት፤ ጠንካራ ማቆሚያ ከሥሩ ይግባ። በአሮጌ የፍሪሲዮን ዲስክ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል፣ ከመሸፈኛው ውስጥ የሚወጣው አቧራ በአየር ግፊት አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

የታችኛው ፓምፕ ሲፈታ የቱቦው አፍ ወዲያውኑ በንጹሕ ነገር ይደፈን። ፒስተኑ በዝቅተኛ የአየር ግፊት፣ ጨርቅ ተጠምጥሞበት ይውጣ፤ በመዶሻ እየተመታ የሚወጣ ፒስተን ግድግዳውን ይጭራል። ከዚያ በኋላ የፓምፑ ውስጥ በአልኮል ወይም በአዲስ የፍሬን ዘይት ይታጠብ። ጋራዥ ውስጥ ለማጠቢያ የሚቀርበው ቤንዚንና ናፍጣ ለዚህ ሥራ የተከለከለ ነው፤ አዲሱን ጎሚኒ ገና ሳይሠራበት ያበላሸዋልና።

የጥገናው ዋና ውሳኔ የሚሰጠው የታጠበው ፓምፕ ወደ ብርሃን ተይዞ ሲታይ ነው። ግድግዳው እንደ መስታወት ለስላሳ ከሆነ ጎሚኒ መለወጥ ይበቃል። ቀላል የዝገት ጥላ ካለበት እጅግ ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት፣ በፍሬን ዘይት እየራሰ፣ ዙሪያውን ሊለሰልስ ይችላል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም ጉድጓድ ካለበት ግን ፓምፑ ይጣላል። እንዲህ ባለ ፓምፕ ውስጥ አዲስ ጎሚኒ መክተት በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ደንበኛው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሲመለስ መለዋወጫው ጥራት የለውም ይባላል፤ ጥፋቱ ግን ግድግዳውን ሳያይ የገጠመው ባለሙያ ነው።

አዲሱ ጎሚኒ በእጅ ሲዳሰስ ልስላሴ ያለውና ያልተሰነጣጠቀ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ጎማ መደርደሪያ ላይ ሆኖም ያረጃል። ከአሮጌው ጋር በመጠን ይመሳከር። ሲገጠም በአዲስ የፍሬን ዘይት ይራስ፤ ከንፈሩም ግፊቱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይዙር። የተገለበጠ ጎሚኒ አዲስ ሆኖ ሳለ ያፈስሳል። ሁለቱ ፓምፖች እኩል ዕድሜ ካላቸው የሁለቱም ጎሚኒ በአንድ ጊዜ ቢለወጥ ይመረጣል፤ አንዱ ታድሶ ሙሉ ግፊት ሲመለስ በሌላው ውስጥ የቀረው ደካማ ጎሚኒ ብዙ አይቆይም። የሚያፈስ የብረት ቱቦ በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ አይጠመጠምም፤ ይለወጣል።

አየር ማስወጣትና ልክ ማስያዝ

ማጠራቀሚያው ካልተከፈተ ጠርሙስ በወጣ ዘይት ይሞላ። በታችኛው ፓምፕ የአየር ማስወጫ ቡሎን ላይ ግልጽ የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ተሰክቶ ሌላው ጫፉ ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጥለቅ። ረዳቱ ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ቀስ ብሎ ረግጦ እንደ ተረገጠ ይያዘው። መካኒኩ ቡሎኑን ሲያላላ አየር የቀላቀለ ዘይት ይወጣል፤ ቡሎኑ ከተጠበቀ በኋላ ብቻ ፔዳሉ ይለቀቅ። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። አረፋ የሌለው ዘይት እስኪመጣ ሥራው ይደጋገማል፤ በመካከሉ ማጠራቀሚያው እንዳይራቆት ይጠበቃል። የወጣው ዘይት ተመልሶ አይሞላም፤ ወደ ቦይም አይደፋም።

ቀጥሎ ልክ ይያዛል። በላዳ የታችኛው ፓምፕ ገፊ ዘንግ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ነጻ ጉዞ ሊኖረው ይገባል፤ የፔዳሉ ነጻ ጉዞም ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ነጻ ጉዞው ካነሰ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል፤ ከበዛ ደግሞ ዲስኩ በሙሉ አይላቀቅም። ይህ በማስመሪያ ሊለካ የሚችል ነገር ስለሆነ በግምት መተው አያስፈልግም።

የመጨረሻው ፈተና ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጦ ለአንድ ደቂቃ ያህል መያዝ ነው። ፔዳሉ ካልሰመጠ፣ የኋላ ማርሽም ሳይንጫጫ ከገባ ሥራው ደኅና ነው። ይሁን እንጂ በማጠራቀሚያው ላይ የዘይቱ ከፍታ ምልክት ተደርጎ ከሳምንት በኋላ እንደገና ካልታየ ጥገናው አለቀ አይባልም።

የመሐንዲሱ ድርሻ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገዶች ዳር ይህንን ሥራ የሚሠሩት አብዛኞቹ ባለሙያዎች ሙያውን የተማሩት ከጌታቸው ሥር ሆነው፣ ቁልፍ እያቀበሉ ነው። የሚናገሩበትም ቋንቋ ራሱን የቻለ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚኒ፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ካቻቪቴ ከጣልያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነዋል። መሐንዲሱ ደግሞ እነዚሁኑ ክፍሎች የሚያውቃቸው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ነው። አንዱ እጅ አለው፤ ሌላው ልኩንና ምክንያቱን ያውቃል። በመካከላቸው የቃላት ግድግዳ ስለቆመ ግን ልኩ እጁ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ጎሚኒ በቤንዚን የሚያጥብ መካኒክ ሰነፍ ወይም ግድ የለሽ ስለሆነ አይደለም፤ ጎማው ለምን እንደሚያብጥ በሚገባው ቋንቋ የነገረው ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ የሚቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየአካባቢው በብዛት ለሚገኙት ለእያንዳንዱ ዐይነት አሮጌ መኪና አንድ ገጽ የጥገና መመሪያ በጋራዥ አማርኛ ይዘጋጅ። የሚገባው የዘይት ዐይነት፣ የነጻ ጉዞው ልክ፣ የሥራው ቅደም ተከተልና የተከለከለው ነገር ይጻፍበት፤ በዘይት እጅ ቢያዝ እንዳይበላሽም ተለብጦ በጋራዡ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። መመሪያው ከመታተሙ በፊት አንድ የዕድሜ ባለጸጋ መካኒክ አንብቦ ያርመው፤ ቃላቱን ከእርሱ የሚያውቅ የለምና። ይህ ሥራ ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መሐንዲሱ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ጋራዥ ድረስ እንዲሄድ ነው።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ዐይነቱ ጉዳይ ነው። ጎሚኒ በዋጋ ከክፍሎቹ ሁሉ ያነሰ ነው፤ በጊዜው ካልተለወጠ ግን ዲስኩን፣ ካምቢዮውን፣ ከዚያም አልፎ በዳገት ላይ የሰው ሕይወትን ያስከፍላል። ማጠራቀሚያው መጉደሉን የሚነግረው ሰው ሁሉ ጠርሙስ ሳይሆን የእጅ መብራት እንዲያነሣ ማስተማር የባለሙያው ግዴታ ነው።